ጫማችሁን አታውልቁ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሥራ፣ መነጽር ሱቅ። አንድ ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ መነጽሩን መለሰ። «አፍንጫዬን ይጫነኛል» ይላል። ጥፋቱ የአፍንጫው ነው እንጂ መነጽሩ ምን አደረገ? ዘጋቢ ፊልም የምትሠራው ዶርቴና ካሜራማኗ ኢንጎ ይኸው ሁለተኛ ሳምንታቸው፣ እግር በእግር ይከተሉኛል። ፊልሙ ስለኔ ነው አሉ... በርሊን ተወልዳ ያደገች የቱርክ ልጅ፣ የዕለት ኑሮዋ። «እንደሌለን ቁጠሪን» ትላለች ዶርቴ። ኢንጎ ጆሮዬ ሥር እየተነፈሰ እንዴት አድርጌ? አፉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ትናንት ማታ ምን በላሽ?»

«ፒዛ። ከማቀዝቀዣ አውጥቼ።»

ቅር አላት። ምን እንድላት ፈልጋ ነው? በግ አረድን?

ኖቬምበር 8

እነ ዶርቴ እማዬ ቤት መጡ። እማዬ የምትነዳውን አውቶቡስ ለሌላ ሹፌር ሰጥታ፣ ከጠዋት ጀምሮ በአይብ የሚሞላ ቦሬክ ስትጋግር ነው የዋለችው። በር ላይ ለእንግዳ የሚሆን ነጠላ ጫማ ደርድራለች፤ አዲስ፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ያልተነሣ። ውጭ ዝናብ።

በሩን ከፈተችና «ኧረ ጫማችሁን አታውልቁ፣ ግዴለም!» አለች። ይሄ እኮ ወግ ነው። የቤቱ እመቤት አታውልቁ ትላለች፣ እንግዳው «ኧረ አይሆንም» ብሎ ያወልቃል። የሦስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ዶርቴ ግን «አመሰግናለሁ!» ብላ ምንጣፉ ላይ ዘው። ኢንጎ ተከተላት፤ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። አባዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እማዬ ፈገግ እንዳለች ቀረች። እኔስ? «አውልቁ» ማለት እንዴት ያቅተኛል? አፈርኩ... በማን እንዳፈርኩ ግን እንጃ።

ከጠገቡ በኋላ ዶርቴ ካፖርቷን መልበስ ስትጀምር እማዬ አላስቻላትም። ባልዲ አምጥታ፣ ተንበርክካ ኮሪደሩን መወልወል ጀመረች። ቀና ስል የኢንጎ ካሜራ ቀይ መብራቱ በርቷል።

አጥፋው አላልኩትም።

ዲሴምበር 2

ዶርቴ ስቱዲዮ ጠርታ አሳየችኝ። ፊልሙ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። እማዬ ተንበርክካ ትወለውላለች። የዶርቴ ድምፅ ይተርካል... «እናቷ ዕድሜዋን በጉልበቷ አሳለፈች። ሰርፒል ግን ቀና አለች።» ከዚያ እኔ፣ በብስክሌት፣ ፀጉሬን ነፋስ እየበተነው።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አልኩ። ለምን? ስለማምር። ብስክሌቱ ላይ በጣም አምራለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ቱ!

ዲሴምበር 5

ለዶርቴ ደወልኩላት።

«ጭቃው እኮ የናንተ ነው።»

«እሱ ምልክት ነው ሰርፒል። ተመልካቹ ይገባዋል።»

«እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት!»

«አውቃለሁ፣ ግሩም ሴት ናት። አውቶቡሱ ግን ከታሪኩ ጋር አልሄደልንም።»

«ያን ቦታ አውጪልኝ።»

«አይተሽ ጥሩ ነው ብለሻል እኮ። ፈርመሻልም።»

ድምፅዋ ማር ማር ይላል። ለእማዬ ልንገራት? ነገ...

ዲሴምበር 19

አልነገርኳትም።

ጃንዋሪ 17

ፊልሙ ተመረቀ። እማዬ አረንጓዴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ መጣች። «ልጄ ፊልም ሠራች» ብላ ለጋራዡ ሁሉ አውርታለች።

እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ከኋላችን አንዲት ሴትዮ «ምስኪን!» አለች። ባልደረቦቿ አንገታቸውን ደፉ። እማዬ ንቅንቅ አላለችም። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ሲያልቅ ያቺው ሴትዮ ማይክ ይዛ ተነሣች። «ልጅዎ ነፃ ስትወጣ ማየት ምን ይመስላል?»

እማዬ ብድግ ብላ «ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለችና ተቀመጠች። ለእነሱም ወግ!

ማይኩን ነጠቅኩ። ጫማውን፣ ጭቃውን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም ዘከዘክኩት። «ቀድሜ አይቼው ጥሩ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ስለማምር» አልኩ። መውጫው ላይ ዶርቴ አቀፈችኝ። «እንዴት ያለ ሞቅ ያለ ውይይት ነበር!» እላይዋ ላይ ባስመለስኩባት።

ባቡር ውስጥ እማዬ፣

«መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«ዲሴምበር ላይ።»

«እነሱስ አያውቁኝም። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»



ጃንዋሪ 23

ስደውል አባዬ ነው የሚያነሣው። «ተኝታለች» ይላል። በቀትር?

ዛሬ ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ የመጣው አውቶቡስ የእሷ ሆነ። ድሮ ስገባ «ነይ እቺ ቆንጆ!» ብላ በቱርክኛ ትጮህብኛለች፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ። ዛሬ ግን ከፊቴ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ትኬታቸውን ሳታይ በእጇ አሳለፈች። እኔ ስደርስ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ በጀርመንኛ፣ «ትኬት» አለች።

አውጥቼ አሳየኋት።

አየችው። «ይለፉ» አለችኝ።