ያለ ቁልፍ የመጡት ሸሚዞች

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ቻል አድርገሽው ነው? እማስ እንዴት ናት? የዓይን ጠብታው ተስማማት? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አካሌ ጤና ነው። ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፤ የሚያናግረኝ ሰው ጎድሎብኛል። እዚህ ሰው እንዴት ነህ ይልሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ባለፈው እሑድ ቀኑን ሙሉ ድምፄን ያወጣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ደረጃው ላይ ተደናቅፌ።

ስደውል አላነሳህም ብለሽ ተቀይመሻል፣ አይፈረድብሽም። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። በጽሑፍ ይቀለኝ እንደሆን ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የዚህን አገር ወሬ ላውራሽ። የሚገዛቸውን ሰውዬ ዜና ላይ ሳታዪው አትቀሪም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀረጥ ጨመረ። እንዴት መሰለሽ የሚጨምረው? ወፍራም እስክሪብቶ ያወጣል፣ ይፈርማል፣ ፊርማውን ለካሜራ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በቃ። ጧት የፈረመውን ከሰዓት ያነሳዋል፣ በማግስቱ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ምክር ቤት የላቸውም ወይ ትዪኝ ይሆናል። አላቸው፤ በአውቶቡስ አልፌበታለሁ፣ የሚያምር ሕንፃ ነው። ቀረጥ የመጣል ሥልጣኑ የነሱ እንደሆነም ሕጉ ላይ ተጽፏል አሉ። ግን አዲሱን ቀረጥ የሚሰሙት እንደኔው ከዜና ነው። ሥልጣናችን ተነካ ለማለት ስብሰባ ጠርተው፣ ስብሰባውን ማን ይምራው በሚለው ሳይስማሙ ተበተኑ።

ሰውዬው ቀረጡን የሚከፍለው ባዕድ ነው፣ የኛ ሕዝብ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም ብሎ ምሎ ነበር። የመጋዘናችን ትራንዚተር ይሄን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጉምሩክ መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ባዕድ የሚባል ሰው ወረፋው ውስጥ አይቶ አያውቅም። ከመጋዘናችን የሚወጣው ሸሚዝም ሱቅ ሲደርስ ዋጋው ሰማይ ነካ። አንድ የኢኮኖሚ ሊቅ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሕመሙ ጊዜያዊ ነው፣ ቻሉት አለን። እኔ እንዳየሁት «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል አፉን ሞልቶ የሚናገር ሁሌ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደኛ ጉዳይ ልምጣ። እናንተ ፋብሪካ የሚሰፋው ሸሚዝ እኔ የምሠራበት መጋዘን እንደሚራገፍ ታውቂያለሽ፤ ስንቴ ስቀንበታል። ካርቶን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የሸሚዞቹን ቁልፍ ነበር። ክሩን ከሥር ጠምዝዘሽ በግራ በኩል ስለምትቋጪው፣ ያንቺን እጅ ከስንቱ መሃል እለየዋለሁ። ያንቺን ያገኘሁ ዕለት ዘመድ መጥቶ የጠየቀኝ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ታዲያ አዲሱ ትእዛዝ ከባዱን ቀረጥ የጣለው ባለቀ ልብስ ላይ ነው፤ ላላለቀው ቀለል ይላል። አሠሪዬ ሞኝ አይደለም። ቁልፍ ያልተተከለበት ሸሚዝ ያላለቀ ነው ብሎ ከጉምሩክ ጋር ተስማማና ለናንተ ፋብሪካ ያለ ቁልፍ ላኩልኝ ብሎ ጻፈ። እኛን ደግሞ ሰብስቦ መርፌ የሚችል አለ ወይ ሲል ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። እታለም ሙች፣ መርፌው ለምን እንደተፈለገ ሳላውቅ ነው ያወጣሁት፤ ካርቶን ከመሸከም ትከሻዬ ይረፍ ብዬ ነው። እንደውም በልጅነቴ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ያስተማርሽኝ ነገር በሰው አገር ሙያ ሆነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለብቻዬ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን ካርቶን ስከፍት ሸሚዞቹ ሁሉ ቁልፍ የላቸውም፤ ያኔ ገባኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያንቺ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የቁልፍ ክፍሉን እንደዘጉት፣ እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ እንዳሏችሁ ነገርሽኝ። ለቅሶሽን እንደምንም ቻልኩት። መጨረሻ ላይ ያልሽውን ግን አልቻልኩም፤ ሥራችንን የወሰደው እጅ አይባረክ አልሽ። አንቺ ሰው ስትረግሚ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

እጁ የኔ ነው፣ እታለም።

ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ የምነግርሽ ሌላም አለ። ከሳምንታት በፊት አንድ ባለሥልጣን፣ ከአገር የወጣው ሥራ ወደ ቤቱ ተመለሰ ለማለት ካሜራ አስከትሎ መጣ። አሠሪዬ እኔ የአገሩ ሰው አለመሆኔ የዚያን ጊዜ ትዝ አለውና አስነስቶኝ የአገሩ ልጅ የሆነውን ሾፌሩን በቦታዬ አስቀመጠ። ምስኪን ሾፌር መርፌውን እንደ ማንኪያ ጨብጦ ጣቱን ወጋ፣ ነጩን ሸሚዝም ደም አስነካው። ፎቶ አንሺው ቢቸግረው እኔን መልሶ አስቀመጠኝና ከክርኔ በታች፣ እጆቼን ብቻ አነሳ። ዛሬ ፎቶው በየአውራ ጎዳናው ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ሥራችን ወደ እኛ ተመለሰ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ አየዋለሁ። እጄ የአገር መኩሪያ ሆኗል፤ እኔን ግን ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ያለችው ሴትዮ እንኳን ለይታኝ አታውቅም። ፎቶው በስልክ እናንተም ዘንድ መድረሱ አይቀርም። በልጅነቴ በር አውራ ጣቴን ሲቆርጠኝ ቁስሉን አጥበሽ ያሰርሽው አንቺ ነሽና ጠባሳው እንደማያመልጥሽ አውቃለሁ።

ሥራውን ልተወው ብዬ አስቤ ነበር። ብተወው ሌላ ሰው ይቀመጥበታል እንጂ የናንተ ክፍል አይከፈትም፤ የኔም የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ መርፌውን አነሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሸሚዙ ላይ የቁልፍ ምልክት የተደረገባትን ቦታ ሳይ መርፌውን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የማማክረው ሰው የለኝም፣ ግድግዳው አይመልስልኝም። ስለዚህ አንቺው ፍረጂ። ተው ካልሽኝ እተዋለሁ፣ ሥራ ካልሽኝ እሠራለሁ፤ ብቻ እርግማኑን አንሺልኝ። ያንቺን አፍ እፈራለሁ።

እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይሄን ሁሉ ግን አታንብቢላት፣ እኔ ደህና መሆኔን ብቻ ንገሪያት። ለባለቤትሽ ቡድናችን ሲሸነፍ እዚህም ብቻውን የሚናደድ ሰው አለ በዪልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ፤ ድምፄን ረስቶት እንዳይሆን ሰጋሁ።

ለክፍልሽ ሴቶች በየስማቸው ሰላምታ መላክ ልማዴ ነበር። አሁን በምን አፌ ልላክ? ደህና ነው ወይ ካሉሽ፣ ደህና ነው በያቸው። ምን ይሠራል ካሉሽ ግን እኔን ለመሸፈን ብለሽ እንዳትዋሺያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ሁለተኛ ፎቅ
መጋቢት ፲፬ ቀን