ለጋሼ ሰይድ ዲስክ የጠገንኳት ካርድ

ሰኞ

ካርዱ ነው! ዲስኩ አይደለም፣ ካርዱ ነው። ሁለት ሱቅ «ሞቷል፣ ጣሉት» ብለው የመለሱትን የጋሼ ሰይድን አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬ ከሥራ መልስ ከፈትኩት። ሲበራ ወዲያው ይጠፋል። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ኮንትሮለር ካርድ ነቅዬ ሳበራው ተነሳ። ካርዱ ላይ ምስር የምታህል ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመው ክፍል፣ ጠቁራለች።

አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ስንቱን ጠግኛለሁ። አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ሳደርግ ይህን ማን ያውቃል?

ጋሼ ሰይድ እዚሁ ፊሊፕስ ሰፈር፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ወሎ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። ከአዛውንቶች የሰበሰቡትን የዕፅዋት ስምና ጥቅም አሜሪካ እንደገቡ በዚህ ኮምፒውተር ጻፉት። ማስታወሻ የያዙበትን ወረቀት በኋላ ውሃ አበላሸው። «የነገሩኝ ሰዎች አንድም አልቀሩም፣ ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸውም እየደከመ ነው።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ደረጀ «ሌላ ካርድ ግዢና ተገላገይ» አለኝ። አይሆንም። በዚያ ዘመን በአንድ ካርድ የተጻፈን ዲስክ ሌላ ዓይነት ካርድ ብዙ ጊዜ አያነበውም። መዳን ያለባት ይህችው ናት። ይህን ሳስረዳው አየኝና «አሁንም ትችያለሽ?» አለ። ለክፋት አይደለም። ግን ከነከነኝ።

ረቡዕ

ካርዱን ባቃጥለውስ? ዲስኩ ባይዞርስ? ለሽማግሌው በከንቱ ተስፋ ሰጥቼስ እንደሆነ?

የተቃጠለችውን አንስቼ አዲስ በየድኩ። እጅ አይረሳም ለካ! ብየዳው ያበራል፤ አለቃዬ የነበሩት ሰውዬ ቢያዩት እንኳ እንከን አያገኙበትም።

ሐሙስ

ኦቨርታይም። እግሬ አብጧል። አልነካሁትም።

ቅዳሜ

ተነሳ!! ዲስኩ እንደ አሮጌ ወፍጮ አጓራ፣ ከዚያ የፋይሎቹ ዝርዝር ስክሪኑን ሞላው። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ይስማ።

መጀመሪያ ሁሉንም በሰባት ፍሎፒ፣ በዚያ ዘመን ተነቃይ ዲስኮች፣ ገልብጬ ወደ ላፕቶፕ አስገባሁ። ከዚያ ጋሼ ሰይድን ጠራኋቸው። ያኔ ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው በላቲን ነው የጻፉት። «ከተቲና» ብዬ አነበብኩ። ሳቁብኝ። «ቀጠጥና ነው እንጂ! ይኼን የነገሩኝ አንዲት አዋላጅ ናቸው። ቅጠሉን እዚህ መዳፌ ላይ አሽተው አሳዩኝ።» መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለረጅም ጊዜም አላጠፉትም።

ደረጀ ስልክ ላይ ለጓደኛው «ሚስቴ እኮ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት» ሲል ሰማሁት። ያልሰማ መስዬ አለፍኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጥንቃቄ ድጋሚ ልገለብጥ ዲስኩን አበራሁት። አንዴ ጮኸና ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይዞርም። ካርዷ ደህና ናት፤ እሱ ግን አበቃለት። ከትናንቱ ቅጂ ደግሞ ሁለት ፋይል አልከፈት ብሎኛል። ሌላው ሁሉ አለ።

መርዶ እንደሚያረዳ ሰው እየከበደኝ ወርጄ ነገርኳቸው። ጋሼ ሰይድ «ይረፍ» አሉ። «አደራውን አድርሷል። የቀሩትን ሁለቱን እስቲ ከራሴ ላውጣቸው፤ ተቀመጪና ጻፊ።»

ተቀመጥኩ። አንዱን አስታወሱት። ሁለተኛውን ገና እያሰቡ ነው።