ባለጀልባው ለምን ይመጣል?

እትዬ ሆዴ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽን ልጠይቅ። ደረጃ ስትወጪ አሁንም እየያዘሽ ነው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ ጢም ማብቀል ጀመረ ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። የባልሽንም ሳል ችላ አትበሉት። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስታነቢ ፊትሽን ቋጠር አድርገሽ «ደህና ማለት ምን ማለት ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፣ ሥራዬም ደህና ነው፣ ክፍሌም አልፈረሰችም።

እንዲህ የጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም፤ የምጽፈው አጥቼ ነው። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ጠዋት የተውኩት ብርጭቆ እዚያው የተውኩበት ቦታ ላይ ነው። ማን ያነሣዋል? ይህንን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍልሽ።

አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። ስለ ኮማ ከዚህ በፊት ጽፌልሻለሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪው ነው። ሲናገር ነጠላ ሰረዝ እንዳጋጠመው ሰው መሃል ላይ እየቆመ ትንፋሽ ስለሚወስድ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ኋላ እኛም ለመድነው። እንደ እኔው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። እኔም እንግሊዝኛ ስለማስተምር የመንፈቁን ፈተና ሁለታችን እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ምንባቡን እሱ መረጠ፣ ጥያቄዎቹንና መልሶቹን እኔ ጻፍኩ።

ምንባቡ ስለ አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ከማዶ ማዶ ሲያሻግር ኖሮ ድልድይ ተሠራና ሥራው ቀረ። እሱ ግን በየጠዋቱ እየመጣ ወንዙ ዳር ይቀመጣል። ለምን ይመጣል? ነው ጥያቄው። ምርጫ ቢ ላይ «ልማድ ሆኖበት» ይላል፤ ዲ ላይ ደግሞ «ሌላ መሄጃ ስለሌለው»። እኔ መልሱ ዲ ነው ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።

ውጤት ሲሰጥ ክፍሉ ተንጫጫ። ግማሹ ተማሪ ቢን ነበር የመረጠው። አንዲት ልጅ በዚያች ጥያቄ የተነሣ ከአንደኛነቷ ወርዳ አባቷን ይዛ መጣች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮማንና እኔን አስጠርቶ «ተስማምታችሁ አንድ መልስ አምጡልኝ» አለን።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ሲያልቅ መምህራን ማረፊያው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን መከራከር ሆነ ሥራችን። እሱ «ምንባቡ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል ይላል እኮ፣ ከዚህ በላይ ልማድ የት አለ?» ይለኛል። እኔ «ቤቱ ጸጥ ይላል የሚለውንስ የት ልታደርሰው ነው?» እለዋለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀለች «እናንተ ሰዎች፣ ቤት የላችሁም ወይ?» እስክትለን እንቆያለን። ሴትየዋ ቀልዷን ነው።

ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ክርክሩ በተጀመረ በማግስቱ የሱም መልስ እንደሚያስኬድ ገብቶኝ ነበር። ቢ ያለ ተማሪ አልተሳሳተም። ግን እሺ ካልኩ ነገሩ ያልቃል፤ ነገሩ ካለቀ ደግሞ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደዚያች ብርጭቆ መሄዴ ነው። ስለዚህ አዲስ ነጥብ እየፈለግሁ ጎተትኩት። መዝገበ ቃላት ተሸክሜ መጣሁ። እሱም ሰዓቱን አንድ ቀን እንኳ አላየም፤ ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በመጨረሻ «ሰውየው እኮ ቤት አለው፣ እንዴት መሄጃ የለውም ትያለሽ?» አለኝ። «ቤት ያለው ሁሉ የሚገባበት አለው ያለህ ማን ነው?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጓን አቆመች። ኮማ ወረቀቱን ሰብስቦ «ሁለቱም ይያዝላቸው» አለ። ኃላፊው ግልግል ብሎ ፈረመ። ልጅቷም ቦታዋን አገኘች፣ አባቷም አመስግኖን ሄደ። በማግስቱ እኔ ማረፊያው ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኮማ ዝውውር ጠይቆ እንደተፈቀደለት ሰማሁ፤ ያውም ከሱ አፍ ሳይሆን ከጸሐፊዋ። የሚሄደው እናቱ ዘንድ ነው፤ ዓይናቸው እየደከመ መጥቷል። በሄደ ዕለት መጻሕፍቱን ተካፍለን ተሸክመን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። መንገዱን ሁሉ ስለ ፈተና እርማት ስናወራ ሄድን፣ ይታይሽ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል «እዚያ ትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ይጎድላቸዋል። የእናቴም ቤት ለሦስት ሰው ይበቃል» አለኝ።

ምን ብዬ የመለስኩለት ይመስልሻል? «ጥሩ መምህር ያግኙ። ቤቱ ከሰፋችሁ ደግሞ አንዱን ክፍል አከራዩት።»

ሳቀ፤ የወትሮው ሳቁ ግን አልነበረም። «ገባሽ አይደል?» አለኝ። «ገባኝ» አልኩት። አውቶቡሱም ሄደ።

እኔ እኮ ልጆችን «ጸሐፊው በግልጽ ያላለውን ፈልጋችሁ አውጡ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ አንዱን ጫማዬን እንዳወለቅሁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለተኛውን ሳላወልቅ መሸ።

ወሬ አላብዛብሽ። ትናንት ጸሐፊዋን ለዝውውር ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኋት፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ቦታው እስካሁን ተይዞ እንደሆነ እሷም አታውቅም። የዚያ ከተማ አየር ለሳይነስ ይስማማል ይላሉ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ፤ ቤትሽ ከሰው ድምፅ አይጉደል። ሁሉንም ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ትልቋ ሻንጣዬ አልጋሽ ሥር ናት። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ፣ ባይዘገይ ደስ ይለኛል። ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ታናሽሽ