ስምህ ያለ መስቀል የቀረበት ምርጫ

ውድ ዚሲስ፣

አንተ ግትር በቅሎ፣ እንደ ልማዴ በስድብ ልጀምርልህ። ያለ ስድብ ከጻፍኩልህ ሌላ ሰው የጻፈልህ ይመስልሃል።

ትናንት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበራችን ምርጫ ነበር። ቆጠራው እንዳለቀ እግሬ ራሱ ወደ ቢሮህ ወሰደኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከየቆጠራው በኋላ እዚያ ተቀምጠን፣ ያሸነፍን እንደሆነ የተሸነፉትን፣ የተሸነፍን እንደሆነ ያሸነፉትን ስናማ አይደል የኖርነው? ሳላንኳኳ በሩን ከፈትኩት። አንዲት የሒሳብ መምህርት ተቀምጣለች፤ መስኮቱን በአበባ ሞልታዋለች። «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ተማሪ እያየኝ።

አንተ ሳታውቀው የሄድከው ነገር አለና ከመጀመሪያው ልነሣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ፣ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው፣ አንተ፣ እኔና ስታማቲስ የወይን አረቄ ከሚሸጥበት ቺፑሮ ቤት ተቀምጠን ነበር። የጠረጴዛውን የወረቀት ልብስ በቁጥር ሞልተኸው አስተናጋጁ ሳህን የሚያስቀምጥበት አጣ። ስታማቲስ በወጣትነትህ ቢሮ አብሮህ የተጋራ ወዳጅህ ነውና ቁጥርህን ሳይፈራ የሚነካው እሱ ብቻ ነበር።

«ሰባት ወንበር ነው ያለው» አልክ። «የኛ ቡድን አራት ያገኛል፣ የፓንዴሊስ ቡድን ሦስት። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጥያቄው ከኛ ውስጥ እነማን አራቱ ላይ ይቀመጣሉ ነው። አሬቲ ካልገባች ይሄን ማኅበር እኔ ማኅበር አልለውም።»

አሬቲ በኮንትራት የምታስተምር ነበረች፤ በየክረምቱ ትባረራለች፣ በየመስከረሙ ትቀጠራለች። እንደሷ ያሉትን ማኅበሩ በአባልነት የተቀበለው አንተ ጉባኤ ላይ ድምፅህ እስኪዘጋ ስለጮህክ ነው። ከነሱ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ ይግባ ብለህ ስሟን ዝርዝራችን ላይ ያስገባኸውም አንተ ነህ።

«ማን ያውቃታል?» አለ ስታማቲስ። «አንድ ሰው ከስም አጠገብ የሚያደርገው አንድ መስቀል ብቻ ነው። ለማያውቃት ሴት ይሰጣል?»

«እኔ ከለመንኩት ይሰጣል።»

«አንተስ ወንድሜ? አንተን ማን ሊመርጥህ ነው?»

«ለኔ የቅየሳ ክፍል ሰዎች አሉልኝ። እነሱን አልነካቸውም። ሌላውን ግን በየቢሮው እየዞርኩ ለአሬቲ አስደርጋለሁ።»

«የራስህም አንድ አለች» አልኩህ።

«ኤቫንቲያ፣ እናቴ ብትሰማሽ በጥፊ ታላጋሽ ነበር። ሰው ራሱን ይመርጣል እንዴ?»

ሳቅን። እውነትህን መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እናንተ የተራራ ሰዎች ከስማችሁ አጠገብ መስቀል ከምታደርጉ እጃችሁ ቢቆረጥ ትመርጣላችሁ።

በማግስቱ ዞርክ። ከእንስሳት ሕክምና እስከ ፍልስፍና ያላንኳኳኸው በር አልነበረም። እኔ ቢሮ መጥተህ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አልክና «ያንቺን ለአሬቲ ስጪልኝ፤ ለኔ ተርፎኛል» አልከኝ። እኔም ሰጠሁ። የቡድናችንን ወረቀት ወሰድኩ፣ ከስሟ አጠገብ መስቀል አደረግኩ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ኮሮጆው ውስጥ ጣልኩ።

ቆጠራው ሁልጊዜ በሚሆንበት በትልቁ አዳራሽ ነበር። ፍርድ ቤት የላካት ጠበቃ ፖስታ እየቀደደች መስቀል ያረፈበትን ስም ጮክ ብላ ስታነብ አንተ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ጉልበትህ ላይ ትቆጥር ነበር። አሬቲ፣ አሬቲ፣ አሬቲ። በየጥሪው ፊትህ ይበራ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጣትህ ቆመ። ወረቀቱ አልቆ የቡድናችን ውጤት ሲነበብ አሬቲ አንደኛ ወጣች። አራት ወንበር አገኘን፤ እንዳልከው። መጨረሻ ላይ ጠበቃዋ ያንተ ስም ላይ ደረሰችና ተሳስታ እንደሆነ ወረቀቷን ደጋግማ አየች።

«ዚሲስ ካራያኒስ፣ ዜሮ።»

ዜሮ! ሃያ ዓመት የማኅበሩን ሰልፍ የመራ፣ በብርድ ጊዜ ስብሰባ የአዳራሹን ምድጃ ራሱ የሚያነድ ሰው፣ ዜሮ። ፓንዴሊስ ከወዲያ ረድፍ ተነሥቶ «እኛስ እሺ፣ ዚሲስ ራሱ እንኳ ዚሲስን አልፈለገውም!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሳቅህ። ሄደህ የአሬቲን ግንባር ሳምክ፣ ጃኬትህን ለበስክ፣ ወጣህ። እየሮጥኩ ብከተልህም መኪናህን አስነሥተህ ነበር።

በዚያው ክረምት ጡረታ ጠይቀህ ወደ ተራራው መንደርህ ገባህ። ስልክ አታነሣም። መከር ላይ በአውቶቡስ መጣሁብህ። ከወንዙ ያጠመድከውን ዓሣ ጠበስክልኝ፣ የጎረቤትህን የኮክ ማርማላታ አበላኸኝ፣ ስለ ንቦችህ፣ ስለ ቄሱ ፍየል፣ ስለ ሁሉ አወራኸኝ። ስለ ምርጫው ሳነሣብህ አንድ ጊዜ ብቻ መለስክልኝ።

«አንቺ የሰጠሽው ልክ ነው፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ። የለመንኳቸውም ሁሉ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የቅየሳ ክፍሎቹ ግን፣ ኤቫንቲያ? አብሬያቸው በረዶ ላይ ድንኳን ተክዬ ያደርኩት ሰዎች? ከነሱ አንድ እንኳ?»

ምክንያቱን እኔም አላውቅም ነበር። አንተም ዓሣውን አገላበጥክ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳውቅህ እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልተኸው አታውቅም።

ዘንድሮ በመጋቢት ልብህ ቆመ። ቀብርህ ላይ ግማሹ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ መንገዱ ጠቦ አውቶቡሶቹ ከድልድዩ በታች ቀሩ። ከቀብር በኋላ እንደ አገሩ ልማድ በመንደሩ አዳራሽ ለዓሣ ሾርባ ተቀመጥን። ከፊቴ ስታማቲስ፣ በግራና በቀኙ የቅየሳ ክፍል ሰዎች። ኮኛኩ አንድ ዙር እንደሄደ እኔ አልቻልኩም።

«እስቲ እንዲያው ልጠይቃችሁ» አልኳቸው። «ምን በደላችሁ? አንዲት መስቀል! እናንተን ብሎ አይደል ሌላውን ሁሉ ለሌላ የሰጠው?»

ጢማሙ ኪምዮን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን ትያለሽ አንቺ? ለአሬቲ ስጡ ብሎናል እኮ!»

«ለናንተ አላለም። እናንተን አልነካም ብሎ እኔ እየሰማሁ ነው የተናገረው።»

«ብሏል! ስታማቲስ ነዋ የነገረን። ካፍቴሪያው ውስጥ፣ ሁላችንም ባለንበት።»

ሁሉም ወደ ስታማቲስ ዞረ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ተሸማቆ ልጅ አከለ። የለመንከው ሁሉ ነገሩን ለጎረቤቱ እየነገረ «ዚሲስ ለአሬቲ ብሏል» የሚለው ወሬ ካፍቴሪያ ደርሶ ኖሯል። የቅየሳ ሰዎች ስታማቲስን «እውነት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ወገኖቼ፣ ልጅቷ የምትወድቅ መሰለኝ» አለ። «የራሴንም ለሷ ሰጥቼ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብጨምርላት ብዬ፣ አዎ አልኳቸው። አንዳንዶቹ ይሰሙኛል፣ ሌሎቹ ለሱ ይሰጣሉ ብዬ ነበር። ዜሮ ሲባል ጥፋቱ የኔ መሆኑን አወቅኩ። ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ነገ ስል ሞተብኝ!»

ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሲነፋረቅ ኪምዮን ጀርባውን ይመታው ነበር፤ ያጽናናው ይሁን ይደብድበው አልለየሁም። ሌሎቹም አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። እያንዳንዱ «እኔ ባልሰጠው ሌላው ይሰጠዋል» ብሎ ኖሯል። ዜሮው ሲነበብም እያንዳንዱ ሌላውን ታዘበ፣ ሌላውን ተቀየመ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ምርጫው ሚስጥር ነዋ! ለማን ሰጠህ ተብሎ አይጠየቅ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ተባብረን ያሰርነው የራሳችንን አንበሳ ነው።

ገባህ ዚሲስ? ማንም አልጠላህም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቃልህን ያላከበረ አንድ እንኳ አልነበረም። እስከ ዛሬ ለማንም መሪ ያልታዘዝን፣ ስብሰባ የምንጀምርበት ሰዓት ላይ እንኳ የማንስማማ መምህራን፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ አንድ ሰው ታዘዝን። የታዘዝነው ለአንተ ነው። ይህንን ሳትሰማ መሄድህ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣልህ። ትስቃለህ ወይስ ትረግመናለህ፣ አላውቅም።

ዘንድሮ ቆጠራውን ከሚያግዙት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። አሬቲ የዝርዝራችን መሪ ናት፤ ካሸነፍን ሊቀመንበር ልትሆን ነው። ፓንዴሊስ ደግሞ ከተመረጠ የኮንትራቶቹን አባልነት እንደገና ለጉባኤ አቀርባለሁ ብሎ ፎክሯል። ጠበቃዋ አዲስ ናት፣ ወጣት፣ ጥፍሮቿ አረንጓዴ። ፖስታ ከፈተች፣ የኛን ቡድን ወረቀት አወጣች፣ ቆመች።

«እዚህ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም አለ። ዚሲስ ካራያኒስ። አጠገቡም መስቀል። እጩ ናቸው?»

«ሞቷል» አልኳት።

«እንግዲያው ውድቅ ነው። ያልታተመ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለቡድኑም አይቆጠርም።»

አንድ ወረቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። በቀይ የተጻፈ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ በኪምዮን የዶሮ ጭረት የተጻፈ። «ውድቅ። ውድቅ። ውድቅ።» መጀመሪያ ደስ ያላቸው ሁሉ ሲበዛ ደነገጡ። እያንዳንዱ አንዲት የኔ ወረቀት ምን ታጎድላለች ብሎ፣ ለማንም ሳይነግር፣ በጓዳ ሊክስህ ፈልጎ ነው። የሚገርምህ፣ ፓንዴሊስ ተነሣ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ መነጽሩን አውልቆ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ወረቀቱ የነሱ ቡድን መሆኑ ይታያል። ለነሱ ቁጠሪላቸው። እኔ አልቃወምም።»

«እርስዎ ባይቃወሙ ሕጉ ይቃወማል» አለችው ጠበቃዋ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ወደቀ። እኛ ሦስት ወንበር፣ እነ ፓንዴሊስ አራት። ውጤቱ ሲነበብ አሬቲ ከመሀል ተነሣች፤ ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ።

«እኔ በሕይወት አለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። «እሱን እኔም እወደው ነበር! እሱን ለመካስ እኔን መቅበር ነበረባችሁ? ክረምት ላይ ስንባረር ለማን እንጩህ፣ ለመቃብሩ?»

ስታማቲስ ሊይዛት ሲል እጁን አሽቀንጥራ ወጣች። ዛሬ ጠዋት ግን ቢሮዬ መጥታ ነበር፤ ዓይኗ አብጦ። የኮንትራቶቹ ጉዳይ ጉባኤ ሲቀርብ እየዞርን ድምፅ ለመለመን ክፍሎቹን እንከፋፈል፣ አንቺ ግብርናውን ያዢ አለችኝ። አንቺ አለችኝ፣ አንቱታውን ትታ። ደስ አለኝ።

እኔስ ለማን ሰጠሁ? ለአሬቲ። ከመጋረጃው ኋላ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜ ስምህን ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። «ድምፅሽን ለሙታን አታባክኚ» ስትለኝ የሰማሁህ መሰለኝና ተውኩት። ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ እኔ አልመረጥኩህም። ደስ ይበልህ፣ ታዛዥ ነኝ።

በሚመጣው ምርጫ እኔ እወዳደራለሁ። በየጆሮው አላንሾካሹክም፤ አዳራሹ መሀል ቆሜ ምረጡኝ እላለሁ፤ ከስሜም አጠገብ የራሴን መስቀል አደርጋለሁ፣ እናትህ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ብታላጋኝም። ሰው የሚፈልገውን ጮክ ብሎ ካልጠየቀ ምን እንደሚደርስ አይቻለሁ።

አንተ ጋ የመጣሁ ቀን አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ «የረሳሽው ነገር አለ?» ብለህ ጠየቅከኝ። «የለም» ብዬ ተሳፈርኩ። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ የመጣሁት ስለ ምርጫ ላወራህ አልነበረም። ወደ ከተማ ተመለስ፣ ቤቴ ሰፊ ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ና አብረን እናርጅ ልልህ ነበር። እሱ ራሱ ያውቃል፣ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል ብዬ ለሌላ ጊዜ ተውኩት። አሁን ማንም በማይቆጥረው ወረቀት ላይ እጽፍልሃለሁ፦ ና።

ያንተው፣
ኤቫንቲያ