እርጥብ ጆንያ ስላለበሱት ኮምፒውተር

ለክቡር አቶ ቢያድግልኝ
የነፋስ በር ሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር
ሸሕዲ

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አናት በሚያፈላ የጥቅምት ፀሐይ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ሙቀት እንደማይወዱ የማኅበራችን ኮምፒውተር ምስክር ስለሆነ፣ አምላክ ጥላውን ያብዛልዎ፣ የቢሮዎንም ማራገቢያ አያቁምብዎ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በኮኪት አራት ሄክታር ሰሊጥ ያለኝ አባልዎ አለበል መኳንንት ነኝ። እስከ አምና በአውራ ጣቴ ስፈርም ያውቁኛል፤ ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ ስለጨረስኩ (ሁለተኛ የወጣው ሰው ቢክድም) ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ ጽፌዋለሁ። ምስጋናዬንም አቤቱታዬንም በተራ ቁጥር ስላስቀመጥኩ ሲያነቡት አይቸገሩም።

1ኛ. አባላት ሠራተኛ የሚቀጥሩት በስልክ ፕሮግራም መዝግበው ብቻ ነው፣ ሳይመዘግብ ከመነኻሪያ ሰው ያነሣ ይባረራል የሚለውን ደንብ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ፕሮግራሙን እንድትሠራ ወይዘሪት ወንጌልን ከጎንደር ማስመጣትዎም የሚያስመሰግን ነው። ልጅቷ ሥዕልና አዝራር ሳትነካ፣ በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፈች ኮምፒውተሩን ታሠራዋለች። «ቢልድ» ብላ ስትጽፍ ፕሮግራሙ ይገነባል፤ «ራን» ስትል የተገነባው ይነሣል። አንዱን ሥራ ለኮምፒውተርም ለስልክም ታደርገዋለች፤ ብቻ ከትእዛዙ ኋላ ለስልክ መሆኑ ካልተጻፈ የኮምፒውተሩን ብቻ ሠርቶ ዝም ይላል። ይህን ያወቅሁት ወደ ትምህርቴ ሳልፍ ከኋላዋ እየቆምኩ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ሃያ ስድስት ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን የጨረስን ሰዎች ምን ያስፈራናል? እርስዎ ግን በጉባኤ ላይ ጽፎ የሚያዝ ኋላ ቀር ነው፣ የሠለጠነ ሰው በጣቱ ይነካል ብለው አስጨበጨቡን። እኔም አጨበጨብኩ፤ በጣት መንካትማ አርባ ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው።

2ኛ. ባለፈው ሰኞ የስልኩ ፕሮግራም እየተገነባ ሳለ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ማራገቢያው ሲጮህ፣ ሃያ ዓመት ትራክተር የነዱት ክቡርነትዎ ደርሰው፣ ቆሞ የሚያጓራ ሞተር ሊቃጠል ነው በማለት ስላደረጉት ፈጣን እርዳታ ቃል ያጥረኛል። ወይዘሪት ወንጌል፣ ጋሼ፣ ግንባታው ከመቶ ዘጠና ደርሷል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ እያለች ስትለምን፣ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን የምናቀዘቅዝበትን ጆንያ ከበርሜሉ እንደተነከረ አውጥተው አለበሱት። ጀሪካን ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ስንጠጣ እንውል ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አንዴ ጧ አለና ዳግም ላይሞቅ ቀዘቀዘ።

3ኛ. በማግስቱ ወይዘሪት ወንጌልን «የማኅበሩን ንብረት ሆን ብላ በማሞቅ» ብለው ስላገዱበት ደብዳቤ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው የማንበብ ችሎታዬን ተጠራጥሬ ነው።

4ኛ. ፕሮግራሙ በጆንያ ሥር፣ ሠሪዋ በእገዳ ላይ፣ ደንቡ ግን እንደ ጸና ነው። የሰሊጤ ቅጠል ረግፎ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሆኗል። በዚህ ሳምንት ካልታጨደ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይበተናል፤ የዓመት ቀለብና የልጆቼ ልብስ አብሮ ይበተናል። ሸሕዲ መነኻሪያ የሰፈሩ የጎጃምና የወሎ ልጆች ማጭዳቸውን ታቅፈው ቢያዩኝ፣ ጌታው፣ እኛ የምንጠብቀው ሥራ ነው ወይስ የሚደርቅ ጆንያ ብለው ጠየቁኝ። ለሊቀመንበሬ ክብር ስል ወሬውን ወደ ፀሐዩ አዞርኩት።

ነገር ግን ክቡርነትዎን ላለማስቸገር ብለን ትናንት አንድ ድፍረት ፈጽመናል። ወይዘሪት ወንጌል ሥራዋን በፍላሽ ይዛ ስለነበር፣ መተማ ዮሐንስ ወርደን ስልክ ጠጋኙን ሙሐመድጣሂርን ኮምፒውተሩን አስፈቀድነው። ስልኬን በገመድ አገናኘችው፤ ቅንብሩ ውስጥ ያለውን አንድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ብመታው ስልኩ ራሱ «አሁን ገንቢ ነዎት» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ የፕሮግራም ገንቢ መሆኔን መሰከረልኝ። ከማታ ትምህርቱ ቀጥሎ ሁለተኛው ማዕረጌ ነው። ከዚያም ትእዛዙን እኔው አንድ በአንድ ፈልጌ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ፊደል ስለዘለልኩ ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ መለሰልኝ፤ አልታገድኩም፣ አርሜ ደገምኩ እንጂ። ማራገቢያው እንደ ሰኞው ጮኸ። ሙሐመድጣሂር ግን እጁን አጣጥፎ፣ ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው ብሎ ጠበቀ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፕሮግራሙ ስልኬ ላይ ተነሣ፤ በሱዳኖቹ አነጋገር ተማም፣ ሁሉ ደህና!

ዛሬ ጠዋት መነኻሪያ ቁጭ ብዬ ሠላሳ አራት ሰው በደንብዎ መሠረት በፕሮግራሙ መዝግቤያለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ማጨድ እንጀምራለን። ስለሆነም ሊያባርሩኝ ከፈለጉ ያባረሩበትን የደንቡን ቁጥር ቢጠቅሱልኝ፣ ወይዘሪት ወንጌልንም ወደ ሥራዋ ቢመልሷት፣ ሌሎች አባላትም ሰሊጣቸው ሳይበተን ስልካቸውን ይዘው እንዲመጡ ቢያሳውቁልኝ በማለት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ከእግርዎ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ግን ከሰሊጤ ሳላነሣ፣
ታዛዥዎ፣ በስልኩ ምስክርነት ገንቢ፣
አለበል መኳንንት
ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለሙሐመድጣሂር ሱቅ በር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጨርሼ ልለጥፍ ስል የእርስዎ ካቦ በሩጫ መጥቶ ለእርሻዎ ሠላሳ ሰው ጠየቀ። ወዲያውኑ ስምዎን ከነማዕረግዎ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ላይ ሠራተኛው የባለእርሻዎቹን ስም አይቶ የሚፈልገውን ይመርጣል፤ እስካሁን አንድም ሰው እርስዎን አልመረጠም። የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ወይዘሪት ወንጌልም መረመረችው። ደህና ይሠራል።