ስለ ታሸገው መስኮታችንና ስላልታሸገው ጭስ ማውጫ

ለክቡር አቶ ኦልጅራ
የሽታና የአየር ጉዳዮች ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሳሪስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ከብሎካችን ወጥተው ሳሪስ ከገቡ ወዲህ ሳልዎ እንደተወዎት ሰምተን ከልብ ደስ ብሎናል። እኛ የቃሊቲ ጎረቤቶችዎ አጥንት ከሚቀቅለው ፋብሪካ ማዶ እንደተዉን አለን፤ ሳሉም አለ።

በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ አንተ እልዎት የነበርኩት ያለምወርቅ ዛሬ እርስዎ ስልዎት እንግዳ አይሁንብዎት፤ ወንበር ያከበረውን ማክበር ግዴታዬ ነው። ስለ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ የጻፍነውን አቤቱታ ያረቀቁልን እርስዎ ነበሩ። በየቤቱ እየዞሩ ሲያስፈርሙን፣ አሁን የተሾሙበት ቢሮ ያኔ በእጅዎ ቢሆን ኖሮ ሽታውን በሳምንቱ ያስቆሙት እንደነበር ነገሩን። ስለዚህ ሹመትዎን ስንሰማ እልል አልን፤ አምነንዎት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል ብለን የጠበቅነው መኪና ወደ እኛ ብሎክ መጣ። ሽታውን ከምንጩ ማስቆም ጊዜ ስለሚወስድ ቤቶቻችን አየር እንዳያስገቡ ተደርገው እንደሚታሸጉና ከዚያም እንደሚፈተኑ፣ የላኩት ባለሙያ በትሕትና አስረዳን። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. መስኮቶቻችንን በሲሊኮን ስላስደፈኑልን፣ የወጥ ቤትና የመጸዳጃ ቤት አየር ማስወጫዎችንም በፕላስተር ስላሳሸጉልን እናመሰግናለን። ሰኞ የተጠበሰ ሽንኩርት ሐሙስም ቤት ውስጥ እንደሚገኝ ከእርስዎ ተማርን።

2. በፍሳሽ ቀዳዳ በኩል አየር እንዳይገባ ውሃ ይሞላበት ተባልን። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር፣ ለመጠጥ ያቆየነውን ጀሪካን ለቀዳዳው አጠጣነው። ቀዳዳው ምስጋናውን እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል።

3. ለናሙና የተመረጠው የወይዘሮ ዳሲቱ ቤት ነው። እርስዎ ብዙ ሰው ስለሚያገኙ ላያስታውሷቸው ይችላሉ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚሁ ያሉ፣ አስም ያለባቸው አሮጊት ናቸው። በራቸው ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተተከለ። እሱ የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየሳበ ሲያወጣ፣ ያልተደፈነ ስንጥቅ ካለ የውጭው አየር በዚያ ይገባል አሉን። ባለሙያው ስንጥቅ የሚፈልግበት የጭስ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ አላስፈለገውም። የአጥንቱ ሽታ በየቦታው ሲገባ ባለሱቁ ሙህሲን በአፍንጫው እየተመራ አንድ በአንድ አሳየው። ወይዘሮ ዳሲቱ በዚያ ሽታ መሐል ተቀምጠው፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን እየሳቡ፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ለእሳቸው ትንፋሽ ተብሎ መሆኑን ለገባ ለወጣው ይናገሩ ነበር። ሲናገሩም ኮራ ብለው ነው።

4. ይህኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ ዋናው ፈተና በተደረገበት ዕለት ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ዋለ። ማን ቀድሞ እንደነገረው አልጠይቅም፤ ቀኑን የምናውቀው ጽሕፈት ቤትዎና እኛ ብቻ ነበርን፣ እኛ ደግሞ አልነገርነውም። ከስንት ዓመት በኋላ ውጭው ንጹሕ አየር ሲነፍስበት እኛ ታሽገን ተቀመጥን። ወይዘሮ ዳሲቱ መስኮቱን ለአንድ አፍታ እንድንከፍትላቸው ለመኑን። ፈተናው ይበላሻል ስለተባልን ከለከልናቸው፤ በእርስዎ ቃል አምነን ነበርና።

ቤቱ ፈተናውን አለፈ። ውስጡ ሽታ ስላልተገኘም አቤቱታችን ተዘግቷል ተባለ። መስኮታችን ተዘጋ፣ አየር ማስወጫችን ተዘጋ፣ አቤቱታችን ተዘጋ፤ በማግስቱ ፋብሪካው ተከፈተ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ይቅር። ክቡር ሆይ፣ ፋብሪካው አጥንት ይቀቅላል፤ ሥራው ነው፣ ከእሱ የጠበቅነው ነገር የለም። ያንገበገበን የእርስዎ ነው። አብረውን ሲስሉ የኖሩ ሰው ነበሩ።

ንጹሕ አየር ከቢሮዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ መስኮትዎ እንደልብ ሲከፈትና ሲዘጋ ከሩቅ ሆኜ እጅ የምነሳ፣ ፈተናውን በሚገባ ያለፍኩ ጎረቤትዎ፣

ያለምወርቅ
ከቃሊቲ

ማስታወሻ፦ ኦልጅራ፣ ይህችን እንኳ በአንተ ልጻፋት። ወይዘሮ ዳሲቱ እያልኩ የጻፍኩልህ እናትህ፣ የአየር ማስወጫቸውን ፕላስተር እናንሳልዎት ብንላቸው እምቢ ብለዋል። ልጄ ያሳሸገውን ሌላ ሰው አይነካብኝም፣ እሱ ራሱ መጥቶ ይከፍትልኛል ይላሉ። ከሳሪስ ቃሊቲ አንድ ታክሲ ነው።