ገራዶ የሚቀበረው ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017፤ ደሴ

ዛሬ ሼህ እንድሪስ ከገራዶ ተነስተው ላቦራቶሪያችን ድረስ መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ እሑድ ሞተው ያኔውኑ ተቀብረዋል። ሄሞግሎቢናቸው ቶሎ የሚፈርስ ዓይነት ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት ጥናቴ እንዲህ ያለ ደም ከሌላ ሰው አላገኘሁም። ከደማቸው የቀረችኝ አንዲት ብልቃጥ ናት።

«ልጄ፣ ደሟን ስጠኝ» አሉ። «ሰው ለአፈር ሲሰጥ ሙሉ ገላውን ነው። ነገ በጠዋት ከጎኗ ልቅበረው።»

«ጥናቱ እኮ ገና አላለቀም፣ ሼህ።»

«እሷ ግን አለቀች።»

የስምምነት ፎርማችን ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ምልክት ማድረጊያ ሣጥን የለም። ፈልጌያለሁ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ፍሪጁን ከፈትኩ፤ ብልቃጧን አየኋት፤ መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ከራሴ ክንድ ደም በሌላ ብልቃጥ ቀዳሁ። የወይዘሮ ዘሃራን ስም ጻፍኩበት። የእጅ ጽሑፌ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

ሼህ እንድሪስ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ደነገጡ።

«ሱብሃነላህ! አሁንም ይሞቃል እኮ!»

«መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ አልሠራ ብሎ ነው» አልኩ፤ አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ እየበራ።

አላመኑኝም። ለሙቀቱ ከእኔ የተሻለ ምክንያት ነበራቸው። ብልቃጡን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ከዚያም «ጀዛከላህ» ብለውኝ፣ በፎጣቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሚኒባስ ፍለጋ ወጡ።

ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ገራዶ ላይ በከፊል እቀበራለሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው።